የዙህር ወቅት ሰፊ ነው

«እማ፣ የዛሬውንስ ሽንት ማን ይዞላት ይሄዳል? ያቺ ፍየል እስካሁን አለች እንዴ?»

ድምፁ የመጣው ከጅዳ ነው። ነዋል ስትስቅ ስልኩን ከአፏ አታርቅም፤ እናቷ እማ ፋጥማ ደግሞ ጆሯቸው ከደከመ ወዲህ ኢሞውን በስፒከር ካላደረጉት አይሰሙም። ስለዚህ ከሚሴ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ጀርባ ባለው በዚያ አረንጓዴ በር ቤት፣ ሚስጥር ብዙ ዕድሜ የለውም። ይኼኛው ሦስት ዓመት መቆየቱ ራሱ ይገርማል። ምራታቸው መሊካ ከመጋረጃው ጀርባ ቆማ ሒጃቧን በመርፌ ቁልፍ እያያያዘች ነበር። አምስተኛ ወሯን ይዛለች፤ ዛሬ ጤና ጣቢያ ቀጠሮ አለባት። «የዛሬውንስ ሽንት» ሲባል የእሷ መሆኑ ገባት። ፍየሏ ግን አልገባቻትም። እጇን አንገቷ ሥር እንዳደረገች ቆማ አዳመጠች።

«ዝም በይ አንቺ!» አሉ እማ ፋጥማ፤ እሳቸውም ግን እየሳቁ ነበር። «ትሰማለች። እዚሁ ጓዳ ናት።»

«ትስማ እንጂ! አሁንማ ምን አለበት፤ ያኔ ሙሽራ ስለሆነች እንዳታፍር ብለን ነው የደበቅናት። ወላሂ እማ፣ እዚህ አገር ሲከፋኝ የማስታውሰው ያንን ቀን ነው። አዛን ሲል መስጊዱ ጋ ደርሻለሁ፤ ነጃሳ ይዤ እንዴት ልስገድ? ከጫማዎቹ አጠገብ፣ ግድግዳው ሥር ጥላ ላይ አስቀመጥኩት። ሰግጄ ስወጣ ፍየሏ ፌስታሉን እየጎተተች! ዕቃው ተከፍቶ፣ የመሊካ ሽንት መሬት ጠጥቶት! ላብራቶሪው ሊዘጋ ነው፤ እቤት ልመለስ ብል ፀሐዩ፣ ጾሙ። ምን ላድርግ፤ ዕቃውን አጥቤ፣ የመስጊዱ ሽንት ቤት ገባሁና የራሴን ሸንቼ ወሰድኩላቸው። ከዚያ ‹ንጹህ ናት› የሚል ውጤት ሰጡኝ!»

ጅዳና ከሚሴ አብረው ሳቁ። እማ ፋጥማ ሲስቁ ጉልበታቸውን ይመታሉ፤ የመምታቱ ድምፅ ሳይቀር መጋረጃውን አልፎ መጣ።

«እኔንም እኮ» አለች ነዋል ትንፋሿን ሰብስባ፣ «ባለፈው ክሊኒክ ስሄድ ሽንት ስጪ ብለውኝ ነበር። ምኔንም ሳያመኝ ለምን ብዬ? ሪድዋን ሥራ አስፈቅዶ መጥቶ ውጭ ይጠብቀኛል፤ ጥያቸው ወጣሁ። እዚህ ደግሞ የምታድነኝ ፍየል የለች!»

«ደግ አደረግሽ። ባልሽ ለምን ይጉላላ፤ እርግዝናሽ አራት ወር ሞልቶ ምንም ካላለሽ አልሀምዱሊላህ ነው» አሉ እናቷ።

መርፌ ቁልፉ የመሊካን ጣት ወጋው። አልጮኸችም። ያንን ቀን እሷም ታስታውሰዋለች፤ እንዲያውም ከትዳር ዘመንሽ ሁሉ አንድ ማታ ምረጪ ቢሏት ያንን ነበር የምትመርጠው። ረመዳን ነበር። ከጨፋ ሮቢት ተድራ ከመጣች ገና ዓመት አልሞላትም፤ የመጀመሪያዋን አርግዛለች። ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ጤና ጣቢያ ሄዳ መብራት ጠፍቶ ስለነበር፣ ክዳን ያላት ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ሰጥተው ነገ ጠዋት አምጪ ብለዋት ነበር። በነገታው እያስመለሳት ከአልጋ መነሳት አቃታት፤ ነዋል ከትምህርት ቤት ስትመለስ «እኔ አደርሰዋለሁ» ብላ ይዛ ወጣች። ማታ፣ ሾርባው ተቀድቶ፣ ሳምቡሳው በትሪ ሆኖ፣ ተምሩ በየእጃቸው እንዳለ፣ ነዋል ብድግ አለችና እንደ ዜና አንባቢ «መሊካ ንጹህ ናት!» አለች። እናትና ልጅ ተያዩ። ከዚያ ሳቁ መጣ። ነዋል ተምሩ ትን ብሏት ወንድሟ ቶፊቅ፣ የመሊካ ባል፣ ጀርባዋን ይመታታል፤ ምን እንደሆነ ሲጠይቅ የሚመልስለት የለም፤ እማ ፋጥማ እንባቸውን በነጠላቸው ይጠርጋሉ። መሊካም ሳቁ ተጋባባት። ምን እንደሚያስቅ ሳታውቅ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ደግሞም በዚያ ቤት እንግዳ መሆኗ ያበቃው ያን ማታ ይመስላት ነበር። የከፋት ቀን ያንን ሳቅ ከልቧ አውጥታ ታየውና ትመልሰው ነበር።

ለካ የሚስቁት በእሷ ነበር።

በሐምሌ፣ ሰባተኛ ወሯን እንደያዘች፣ ምጥ መጣባት። ልጁ በሕይወት ተወለደ። አሚር አሉት፤ ስሙን ያወጣችው ነዋል ናት፤ ገና በሆድ ሳለ ጆሮዋን የመሊካ ሆድ ላይ ለጥፋ «አሚር፣ ና ውጣ፣ ሰፈሩን ላሳይህ» ትለው ነበር። በዚያው ዕለት የአስር ሶላት ሳይደርስ ሄደ። የሰፈሩ ሴቶች መጥተው ቀደር ነው፣ የአላህ ውሳኔ ነው አሉ። መሊካም ቀደር ነው አለች። እንዲህ ለማለት ወራት ፈጅቶባታል፤ ካለችው በኋላ ግን ተደግፋበት ኖራለች። አሁን ከመጋረጃው ጀርባ ቆማ ያ ድጋፍ ከሥሯ ሲንሸራተት ተሰማት። ያኔ ሽንቷን ያየው የለም ማለት ነው። ጤነኛ ናት ያሏት በሌላ ሰው ጤና ነው።

መጋረጃውን ገልጣ ስትወጣ እማ ፋጥማ ስልኩን ቶሎ ወደ ጭናቸው ደፉት። መጅሊሱ ላይ እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል፤ ፊታቸው ላይ የሳቁ ቅሪት አለ። ምራታቸውን አዩና ቅሪቱ ጠፋ።

«ቆይኝ፣ ሻሼን ልልበስና አብሬሽ ልሂድ» አሉ።

«አይ። ቅርብ ነው።»

ወደ ጤና ጣቢያ ብቻዋን ሄዳ አታውቅም። እርጉዝ ሴት ብቻዋን መንገድ አትወጣም የሚሉት እሳቸው ናቸው፤ ጥላቸውን ይዘው፣ መንገድ ላይ ያገኙትን ሁሉ «አካም ቡልቴ፣ ነጋ?» እያሉ፣ ደህንነቱን እየጠየቁ፣ የግማሽ ሰዓቱን መንገድ የሙሉ ጧት የሚያደርጉት እሳቸው ናቸው። ዛሬ ጥላቸው በሩ ጀርባ እንደተንጠለጠለ ቀረ። መሊካ ለውዱ፣ ከሶላት በፊት ለመታጠቢያ፣ የምትይዛትን ሃይላንድ ውሃ ሞልታ ወጣች። ባሏ ቶፊቅ ሰኞ ስለሆነ ፍየል ሊገዛ በሌሊት ባቲ ወርዷል፤ ቢኖርም ምን እንደምትለው አታውቅም። እህትህና እናትህ ልትለው ነው? ምን አደረጉ ልትለው ነው?

ጥቅምት ከሚሴን ያሳምራታል። ከጨፋ የሚወጣው ነፋስ የማሽላ ሽታ ይዞ ይመጣል፤ አስፋልቱ ዳር ጥንቅሽ ሻጮቹ እስሩን በግድግዳ አስደግፈው ተደርድረዋል። የጥንቅሹ ዋጋ በያመቱ ይጨምራል፣ እስሩ ደግሞ በያመቱ ይቀጥናል፤ ገዢው ተነጫንጮ ተነጫንጮ መግዛቱ አይቀርም። ባጃጆቹ በመሀል ይሽሎከለካሉ፤ ከደሴ የሚወርደው ጭነት መኪና ጡሩምባውን ለሁሉም ያዳርሳል። መሊካ ጥንቅሽ ስታይ የአባቷ ማሳ ይታያታል። ሮቢት እያለች በዚህ ወቅት ማማ ላይ ወጥታ ወፍ ትጠብቅ ነበር፤ ከላይ ሲያዩት ሸለቆው በሙሉ የማሽላ ራስ ነው፤ ቦርከና ከወዲያ በኩል ይሄዳል፤ የአፋር ከብቶች ከሩቅ ይታያሉ። ያኔ በመጀመሪያው እርግዝናዋ አምሮቷ ጥንቅሽ ነበር፣ ያውም በበጋ። ከየት ይመጣል? ነዋል ግን ለካስ ሰምታ ኖሮ፣ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከቁመቷ የሚበልጥ ሸንኮራ ተሸክማ መጣች። «ጥንቅሽ የለም አሉ፤ የጥንቅሽን ታላቅ ወንድም አመጣሁልሽ» አለች። ከምሳዋ እያስቀረች የገዛችው መሆኑን ያወቁት ኋላ ነው። መሊካ ይህን ማስታወስ አልፈለገችም። ዛሬ ነዋልን መጥላት ነበር የፈለገችው፤ ለመጥላት ደግሞ ሸንኮራው አይመችም።

ጤና ጣቢያው በር ላይ ያሉት አግዳሚዎች ሞልተዋል። እርጉዞቹ እርስ በርሳቸው ሆድ ለሆድ እየተያዩ ወር ይገማመታሉ፤ ስለ ዘይት ዋጋ ይማረራሉ። አንዷ ከሰንበቴ የመጣች ሴት ለመሊካ ቦታ ለቀቀችላትና «አማት የለሽም እንዴ፣ ብቻሽን?» አለቻት። መሊካ «አለችኝ» አለች። ቃሉ አፏ ውስጥ ቆየ። አለችኝ። የራሷ እናት ከሞቱ ቆይተዋል፤ እማ ፋጥማ የእናት ያህል ሆነውላት ነው የኖሩት። አሚር የሄደ ሰሞን ጡቷ ወተት ሞልቶ ሲያማት፣ ያንን ወተት በሙቅ ጨርቅ እያሹ ያወጡላት፣ እያወጡም ያለቀሱት እሳቸው ናቸው። ታዲያ ያኔስ? ያኔ እንኳ ያ ሽንት ትዝ አላላቸውም? መሊካ ራሷ መለሰችው። አላላቸውም። ሽንት ከልጅ ጋር ምን እንደሚያገናኘው ማን ነግሯቸው?

አዋላጇ ሲስተር ነኢማ ፈጣን ሴት ናት፤ ስታወራ እጇ ሥራውን አይተውም። የደም ግፊቷን ለካች፣ የልጁን ልብ ትርታ አሰማቻት፣ ከዚያ ክዳን ያላት የፕላስቲክ ዕቃ እጇ ላይ አስቀመጠች። መሊካ ያቺን ዕቃ አወቀቻት። ያችው ናት፣ ሰማያዊ ክዳኗ ሳይቀር።

«ታጥበሽ ትሸኛለሽ። የመጀመሪያውን ልቀቂው፣ መሀሉን ያዢ፤ የዕቃውን ውስጥ በእጅሽ እንዳትነኪ» አለች ነኢማ። «ደግሞ እዚሁ። እቤት የለም፣ ነገ የለም።»

መሊካ ሽንት ቤቱ ውስጥ ይዛት በገባችው ውሃ ታጠበች። እንደተባለችው አደረገች። ክዳኑን ጥርቅም አድርጋ ዘጋችና ዕቃዋን በሁለት እጇ ያዘች። ሞቅ ይል ነበር። ከሽንት ቤቱ እስከ ላብራቶሪው መስኮት ያለው መንገድ አጭር ነው፤ እሷ ግን ሕፃን እንደያዘ ሰው በቀስታ ሄደች። በመስኮቱ ፊት አምስት ሰው ተሰልፏል። ሰልፈኞቹ ዕቃቸውን የመስኮቱ ደፍ ላይ እየተዉ ጥላ ፍለጋ ሄደዋል። እሷ አላስቀመጠችም። እጇ እስኪደክም ያዘችው። አንድ ሽማግሌ «አስቀምጪውና እረፊ ልጄ፣ የሚወስድብሽ የለም» አሏት፤ ይህ ቃል መሊካን ሊያስለቅሳት ምንም አልቀረውም።

ውጤቱ ሲመጣ ነኢማ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አየችው። «ኢንፌክሽን አለ» አለች። «ሽንትሽ ውስጥ ባክቴሪያ ገብቷል።»

«ምኔንም አላመመኝም እኮ ሲስተር። ስሸና አያቃጥለኝም፣ አያተኩሰኝም፣ ጎኔንም አይወጋኝም።»

«አውቃለሁ። ይኼ ዝም የሚለው ዓይነት ነው። ሌላ ሰው ላይ ብዙ ጊዜ ነገር አያመጣም፤ አንዳንዴ መድኃኒትም አንሰጥበትም። እርጉዝ ላይ ሲሆን ግን ካልታከመ ወደ ኩላሊት ሊወጣ ይችላል፤ ምጥንም ያለ ወሩ ሊያመጣ ይችላል። ለዚህ ነው ሳያምሽም የምናየው። መድኃኒቱን ውሰጂ፣ ለልጁ ችግር የለውም። ተሻለኝ ብለሽ እንዳታቋርጪ፤ መጀመሪያም አላመመሽ፣ በምን ታውቂዋለሽ? ስትጨርሺ ተመልሰሽ ሽንት ትሰጭኛለሽ።»

መሊካ ልትነሳ ብላ ተመልሳ ተቀመጠች። «ከዚህ በፊት ያለ ወሩ የተወለደብኝ ልጅ ነበር» አለች። «ያኔ ሽንትሽ ንጹህ ነው ብለውኝ ነበር። የእኔ አልነበረም። ሰው ተሳስቶ የራሱን ነው ያመጣላችሁ። በዚህ ነው የሞተው?»

የነኢማ እጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራውን አቆመ። ወደ በሩ አየች፤ ሰልፉ ረጅም ነው፤ ግን አልቸኮለችም። «በዚህ ነው ብዬ ልነግርሽ አልችልም» አለች። «በዚህ አይደለም ብልሽም መዋሸት ነው። ያለ ወሩ የሚመጣ ምጥ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ አይታወቅም። ያኔ ሽንትሽ ውስጥ ምን እንደነበረ ማንም አያውቅም። የዛሬውን ግን አውቀነዋል።»

እውነት ለመናገር መሊካ ሌላ መልስ ነበር የፈለገችው። አዎ ቢሏት የምትጮህበት ሰው ይኖራታል፤ አይደለም ቢሏት ወደ ቀደሯ ትመለሳለች። «አይታወቅም» ግን የትም አያስቀምጥም። መድኃኒቱን ተቀበለችና ወጣች። የዙህር፣ የቀትሩ ሶላት፣ አዛን ሲል ከመስጊዱ ፊት ደርሳ ነበር። በሌላ መንገድ መሄድ ትችል ነበር፤ እግሯ ግን በዚህ አመጣት። ግድግዳው አዲስ ቀለም ተቀብቷል። በሴቶቹ በር በኩል ጫማዎች ተደርድረዋል፤ ጥላው ልክ ነዋል እንዳለችው ከግድግዳው ሥር ነው። ፍየል አልነበረችም። መሊካ መድኃኒቱን በቦርሳዋ እንደያዘች ገብታ ሰገደች። ስትጨርስ ያን ያህል አልቀለላትም። ቁጭ ብላ አባቷን አሰበች። አባቷ በዚህ ሰዓት ከብቶቹን ቦርከና ሲያወርዱ አዛን ቢሰሙም አይደናገጡም፤ «መጀመሪያ ከብቱ ይጠጣ። የተጠማ ነገር አስቁሞ መስገድ የለም፤ የዙህር ወቅት ሰፊ ነው፣ እስከ አስር ሶላት ድረስ ነው» ይሉ ነበር። ከብቶቹ ጠጥተው ከጠገቡ በኋላ በወንዙ ዳር፣ እርጥብ ሣር ላይ፣ ሳይቸኩሉ ይሰግዱ ነበር። ነዋልም ያን ቀን ዕቃውን አድርሳ መመለስ ትችል ነበር። ለሶላቷ የተጨነቀች ልጅ ነበረች፤ ጾመኛ፣ አዛን ሰምታ ያለፈች እንዳትባል የፈራች። ወቅቱ ሰፊ መሆኑን የነገራት አልነበረም።

ወደ ቤት አልሄደችም። መናኸሪያ ሄደች። ረዳቱ «ሮቢት፣ ሮቢት፣ የሞላ ሮቢት!» እያለ ይጣራል፤ መሊካ ገብታ በመስኮት በኩል ተቀመጠች። ሻንጣ የላትም፣ ለማንም አልተናገረችም፤ አባቷ ጋ ትሄዳለች፣ እዚያ ትወልዳለች፣ እዚህ ቤት ምን አላት? ይህንን ስታስብ ደስ አላት። ማሳው፣ ማማው፣ የአባቷ ዝምታ። መድኃኒቱን ግን አሁኑኑ ጀምሪው ተብላለች። በሃይላንዷ በቀረው ውሃ የመጀመሪያዋን ዋጠች። ስትውጥ ለነኢማ የተናገረችው ቃል ተመልሶ መጣባት። ምኔንም አላመመኝም እኮ። ይህን ቃል ዛሬ ከሌላ ሰው አፍ ሰምታዋለች። ከየት ሰማችው? ከመጋረጃው ጀርባ፣ ከሳቁ በኋላ። ምኔንም ሳያመኝ ለምን ብዬ። ጥያቸው ወጣሁ። አራት ወር ሞልቷታል።

መሊካ ሙሉውን ጧት ስለ ፍየሏ ስታስብ ይህንን ረስታው ነበር። ነዋል ደህና ልትሆን ትችላለች፤ ብዙዎቹ ደህና ናቸው። ላትሆንም ትችላለች። ማን አየው? ለነዋል ይህን ማን ይነግራታል? እናቷ ደግ አደረግሽ ብለዋታል። ሪድዋን ውጭ ቆሞ ሰዓቱን የሚያይ ልጅ ነው። የምታውቀው መሊካ ብቻ ናት። ለመናገር ደግሞ ያ ሳቅ መሞት አለበት፤ ነዋል በሰው አገር ሲከፋት የምታወጣው ሳቅ። መሊካም ያንኑ ሳቅ እያወጣች ኖራለች፤ ምን ያህል እንደሚያሞቅ ታውቃለች። ረዳቱ የመኪናውን በር ሊዘጋ ሲል «ወራጅ አለ» አለች። «ሳንነሳ?» አላት። «ሳንነሳ» አለችው።

እቤት ስትደርስ ምሳው ተከድኖ ይጠብቃል፤ እማ ፋጥማም አልበሉም። መጅሊሱ ላይ፣ ጧት በተወቻቸው ቦታ ተቀምጠዋል። ስልኩ አጠገባቸው ተደፍቷል። ሆዳቸው ሲባባ ወደ ኦሮምኛው ይሄዳሉ፤ «ኮቱ ኢንተላ ኮ፣ ታኢ፤ ነይ ልጄ፣ ተቀመጪ» አሉና አጠገባቸው ያለውን ትራስ ነካ ነካ አደረጉ። መሊካ ተቀመጠች፤ ግን እንደ ልማዷ ተጠግታ አይደለም። በመካከላቸው አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ቀረ። ከውጭ የባጃጅ ድምፅ ይመጣል፤ ጎረቤት ሬዲዮ ከፍቷል። ሁለቱም የተከደነውን ትሪ ያዩ ነበር።

«ሰማሽን» አሉ እማ ፋጥማ በመጨረሻ።

«ሰማሁ።»

«ማል ጄዻን? ምን አሉሽ?»

መሊካ መድኃኒቱን ከቦርሳዋ አውጥታ ትሪው አጠገብ አኖረችው። ነኢማ ያለቻትን በሙሉ ነገረቻቸው፤ ምንም አልጨመረችም፣ አልቀነሰችም። እማ ፋጥማ ኩላሊት ሲባል ዝም ብለው ሰሙ። ያለ ወሩ ምጥ ሲባል እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ቆመ። ጧት በሳቅ ሲመቱት የነበረውን ጉልበት አሁን ጭብጥ አድርገው ያዙት።

«በእኛ ነው?» አሉ። ድምፃቸው የልጅ ድምፅ ነበር።

መሊካ የዚህን መልስ ከመናኸሪያ እስከ ቤት ስታዘጋጅ ነው የመጣችው። የሚያቆስልም አዘጋጅታ ነበር፣ የሚሽርም። የአማቷን ፊት ስታይ ሁለቱም ጠፉባት። «አይታወቅም» አለች። «ጠየቅኳት። አይታወቅም።»

«ልጄ፣ ለእሷ እንዳትነግሪያት። በአላህ። ሰው አገር ነው ያለችው፣ ሆድ ይዛ። አሚርን እኮ... አሚርን እንደ ልጇ ነበር። ከዚያ በኋላ አይደል ጅዳ ካልሄድኩ ያለችው።»

«ይደውሉላት እማ።»

«ምን ልትያት?»

«ጧት ስታወራ ሰምቻለሁ፤ ምኔንም ሳያመኝ ብላ ነው ክሊኒኩን ጥላ የወጣችው። እኔንም ዛሬ ምኔንም አላመመኝም ነበር።»

እማ ፋጥማ መጀመሪያ አልገባቸውም። ሲገባቸው ፊታቸው ላይ ታየ። ስልኩን አነሱ፤ የነዋልን ፎቶ ሁለት ጊዜ ሳቱት። መሊካ ተጠጋችና ራሷ ነካችላቸው። እንዲህ ሆኖ ነው በመካከላቸው የነበረው ቦታ የጠፋው።

ነዋል ወዲያው አነሳች። ኩሽና ውስጥ ነበረች፤ ውሃ ሲወርድ ይሰማል። «መሊካዬ! ውጤቱስ? ንጹህ ነሽ አይደል፣ እንደ በፊቱ?» ሳቋ በአፏ ሞልቷል፤ ፍየሏን ልታመጣ ነው።

«የበፊቱ ያንቺ ነበር ነዋልዬ» አለች መሊካ። «የእኔ የዛሬው ነው። ኢንፌክሽን አለብሽ አሉኝ። ምኔንም ሳያመኝ። እርጉዝ ላይ ዝም ከተባለ፣ ያለ ወሩ ምጥ ሊያመጣ ይችላል አሉኝ። መድኃኒት ጀምሬያለሁ።»

ሳቁ ቆመ። ውሃው መውረዱን ቀጠለ፤ ከዚያ የቧንቧው መዝጊያ ጮኸና እሱም ቆመ። ነዋል ሞኝ አይደለችም። መሊካ በስልኩ መስታወት ላይ የልጅቷን ፊት ታየዋለች፤ ነገሩ ከጆሮዋ ወደ ልቧ ሲወርድ፣ ከመስጊዱ ግድግዳ ተነስቶ ሐምሌ ላይ ሲደርስ ታየዋለች። ማቆም ብትችል ታቆመው ነበር።

«አሚር» አለች ነዋል። ሌላ አልጨመረችም።

እማ ፋጥማ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

«አይታወቅም» አለች መሊካ ቶሎ ብላ። «ስሚኝ፣ ጠይቄያለሁ፣ ማንም አያውቅም። እኔም አላውቅም፣ አንቺም አታውቂም። እንዳታለቅሺ አልልሽም። እኔም ጧት ሙሉ ስጠላሽ ነው የዋልኩት። አሁን ግን አንዴ ስሚኝና ከዚያ እንላቀሳለን። ነገ ክሊኒክ ትሄጃለሽ። ጤነኛ ነኝ አትበዪያቸው። የራስሽን፣ ራስሽ ይዘሽ ትሰጫለሽ። የትም እንዳታስቀምጪው። መንገድ ላይ አዛን ቢደርስብሽ መጀመሪያ አድርሺው፤ ከዚያ ትሰግጃለሽ። የዙህር ወቅት ሰፊ ነው ነዋልዬ። ሰፊ ነው።»

ከዚያ ነዋል ያን ጊዜ በነበረችበት ዕድሜ ድምፅ፣ «ብቻዬን እፈራለሁ» አለች።

«ስልኩን ከፍተሽ ትይዢዋለሽ» አለች መሊካ። «መስኮቱ ጋ እስክትደርሺ አብሬሽ እሄዳለሁ።»